አራት ሳምንት ይበቃል ያለው ማን ነው?

ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ልጽፍ ነው። ገጹን አትግለጡብኝ፤ እኔም ከሦስት ወር በፊት ቢሆን ገልጬ አልፍ ነበር። በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ክትባት ካርድ ስጽፍ የምታውቁኝ «ሲስተርን ደግሞ ምን ነካት?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ዞሮ ዞሮ የመዝገብ ጉዳይ ነው። በመዝገብ ላይ ደግሞ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን የእህቴ ልጅ ወደከፈተችው ክሊኒክ እሄዳለሁ። ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎችን ካርድ አገላብጣለሁ፣ ቀጠሮ ላሳለፉት ስልክ እደውላለሁ። ክሊኒኩ ካርድ የሚያወጣው በኮምፒውተር ነው። ካርድ ክፍሉ ጥግ ላይ ሌት ተቀን የማይጠፋ አንድ ጥቁር ሳጥን አለ፤ መረጃው ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ውስጡ ያለው ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ የሚባለው ነው፤ የድሮው ዩኒክስ ወገን መሆኑ ነው። የተከለው ወጣት ባለሙያ «ነፃ ነው፣ ለፈቃድ አትከፍሉም» ብሎን ነበር፤ እኛም ከዚያ በላይ አልጠየቅንም።

ሰኞ ክሊኒክ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ቅዳሜና እሑድ ያመመው ሁሉ ሰኞ ይመጣል። በአንዷ ሰኞ ወረፋው በር ላይ ደርሶ፣ ሕፃናት እያለቀሱ፣ ካርድ የምታወጣው ልጅ ስም ትጽፍና «አስቀምጥ» የሚለውን ስትጫን ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ደጋግማ ሞከረች፤ እምቢ። በወረቀት መጻፍ ጀመርን። እውነቱን ለመናገር እኔ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስክሪብቶዬን ይዤ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ባለሙያው ረፋድ ላይ ደረሰ። ጥቂት ጻፍ ጻፍ አደረገና «ዲስኩ ሞልቷል» አለ። ዲስኩ 240 ጊጋባይት ይይዛል፤ የታካሚዎቻችን መረጃ ተሰብስቦ የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሲፈልግ አንድ ፋይል ብቻውን ከ200 ጊጋባይት በላይ ሆኖ ተጋድሞ አገኘው። ሎግ ነው አለን።

ሎግ ማለት ኮምፒውተሩ ራሱ የሚጽፈው የውሎ መዝገብ ነው። በዚህ ሰዓት እገሌ ገባ፤ በዚህ ሰዓት ይህ ካርድ ተከፈተ፤ በዚህ ሰዓት ይህን ልሠራ ሞክሬ አቃተኝ ይላል። ሆስፒታል ሰው ያስታመማችሁ የተረኛ ነርሶችን የርክክብ መዝገብ ሳታዩት አትቀሩም። የሌሊቷ ተረኛ «አልጋ 7 ሌሊቱን አተኮሰው፤ በ9 ሰዓት መርፌ ተሰጥቶታል» ብላ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ለጠዋቷ ታስረክባለች። ሎግ ያው ነው። ልዩነቱ፣ ኮምፒውተር አይደክመውም፤ የሚጽፈው ይጥቀም አይጥቀምም አይለይም።

የእኛ ኮምፒውተር ምን ሲጽፍ እንደከረመ ልንገራችሁ። ከሁለት ወር በፊት አንድ አሮጌ ፕሪንተር ተበላሽቶ ከጠረጴዛው ተነሥቷል። ለኮምፒውተሩ ግን የነገረው የለም። እሱ ሆዬ በሰከንድ ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ «ፕሪንተሩን አጣሁት፣ ፕሪንተሩን አጣሁት» እያለ ጻፈ። በቀን ሦስት ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው። በመሀል በመሀሉ ደግሞ፣ በዚያው ፋይል ውስጥ፣ ማን የማንን ካርድ መቼ እንደከፈተ ይመዘግብ ነበር። ይህቺን ያዙልኝ።

ባለሙያው ወረፋውን አየ፣ የእህቴን ልጅ ፊት አየ፣ ፋይሉን አጠፋው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። የገረመኝ፣ ፋይሉ ጠፍቶም ዲስኩ እንደሞላ መቅረቱ ነው። በዩኒክስ ወገን የፋይል ስም ማለት በር ላይ እንደተለጠፈ የቤት ቁጥር ነው አሉኝ፤ ቁጥሩን ብትነቅሉት ውስጥ ያለው ሰው አይወጣም። የሚጽፈው ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ እስከያዘ ድረስ፣ ስሙ ከዝርዝር ቢጠፋም፣ መጻፉን ይቀጥላል፤ ቦታውም እንደተያዘ ይቆያል። ፕሮግራሙን ዘግቶ ሲያስነሣው ነው ዲስኩ የተነፈሰው። በ5 ሰዓት ገደማ ካርድ መውጣት ጀመረ። ሻይ አፈላንለት፣ አመሰገንነው። ክሊኒኩ ሥራ ከጀመረ አንሥቶ የተጻፈው የውሎ መዝገብ አብሮ መሄዱን ያን ጠዋት ማንም አላሰበውም።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ታካሚያችን መጣች። የምርመራ ውጤቷን ጎረቤቶቿ አውቀውታል። ምን ዓይነት ውጤት እንደሆነ አልጽፍም፤ ነውር የሌለበት፣ ግን ሰው የሚያወራበት ነው። «ከእናንተ ቤት ነው የወጣው» አለች፣ ድምፅዋን ሳታሰማ እያለቀሰች። የእህቴ ልጅ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። በእኛ ሙያ የታካሚን ምስጢር ያወጣ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለች።

ዓይን ሁሉ ካርድ ወደምታወጣው ልጅ ዞረ። ለምን ብትሉ፣ ቤቷ ከታካሚዋ ሰፈር ስለሆነ ነው። ሌላ ምንም ምክንያት አልነበረም። 22 ዓመቷ ነው፤ እናቷን የምታስተዳድረው እሷ ናት። መድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። «ሲስተር፣ እኔ ካርዷን የከፈትኩት የመጣች ቀን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ይጽፋል ብለውኛል፤ እባክዎ ይዩልኝ» አለች።

አየንላት። ከዚያች ሰኞ በፊት ያለው ሁሉ የለም። ካርዱን ሌላ ሰው ከፍቶት ሊሆን ይችላል። ወሬው ከነጭራሹ ከክሊኒኩ ያልወጣ ሊሆን ይችላል። እሷም ከፍታው ሊሆን ይችላል። ማወቂያው መንገድ ግን ተዘግቷል። የእህቴ ልጅ ለታካሚዋ ይቅርታ ጠየቀች፤ ለልጅቷም ምንም አላለቻትም፤ ምንም አለማለቷ ነው የጎዳት። ካርድ ክፍል ሰው ሲገባ የሚወራው ይቋረጣል፤ ምሳ ሲበላ ወንበሯ ለብቻው ይቀራል። በሦስተኛው ሳምንት የመልቀቂያ ማመልከቻ አስገባች። የእህቴ ልጅ «ልቀቂ አላልኳትም» ትላለች፤ እውነቷን ነው። «አትልቀቂ»ም አላለቻትም። እኔም አላልኳትም፤ ይህን ስጽፍ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ሰው መዝገብ የሚያስፈልገው ጥፋተኛ ለመያዝ ይመስለዋል። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ወጣት ነርስ ሳለሁ አንድ ሌሊት የሰጠሁት የመድኃኒት መጠን አጠያይቆ፣ ማትሮኗ ፊት ቀርቤ አፌ ተሳስሮ ስቆም ያወጣችኝ የርክክቡ መዝገብ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኳት አንዲት መስመር ናት። መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ ፊርማዬ። ለዚያች ልጅ እንዲህ ያለች መስመር ተጽፋላት ነበር፤ ወይ ታነጻት ነበር ወይ አታነጻትም ነበር፤ እኛ ግን ከፕሪንተር ልቅሶ ጋር ጠቅልለን ጣልናት።

ታናሹ ልጄ የኮምፒውተር ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው «እማዬ፣ ይሄኮ የታወቀ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም እዚያው ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል» አለኝ። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚመጣ ሎግሮቴት የሚባል ፕሮግራም አለ፤ መዝገብ አዟሪ ማለት ነው። የኮምፒውተር ሰዎች ይህን ጣጣ ካወቁት ቆይተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤሪክ ኦልማን የሚባል ሰው ሴንድሜይል ለሚባለው የኢሜይል ፕሮግራሙ ሲስሎግ የተባለ የመዝገብ አያያዝ ሠራ፤ ሌሎችም ፕሮግራሞች እየተቀበሉት ተስፋፋ። የሚጻፍ ነገር ሲበዛ ደግሞ የሚያነሣው አስፈለገ። ሎግሮቴትን ኤሪክ ትሮንና ፕረስተን ብራውን ሬድ ሃት በተባለው ኩባንያ ሳሉ ጻፉት። የእኛ ባለሙያ የተወው፣ የክሊኒኩን ፕሮግራም መዝገብ ለእሱ ማስመዝገብ ነው። ያልተነገረውን አያዞርም።

ሥራው እንዲህ ነው። ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ ይነሣል። እያንዳንዱ መዝገብ መጨረሻ የዞረው መቼ እንደሆነ የሚጽፍበት የራሱ ማስታወሻ አለው። ቀኑ ከደረሰ፣ ሲጻፍበት የከረመውን አንሥቶ «1» ይለዋል፤ ቀድሞ 1 የነበረው 2፣ 2 የነበረው 3 ይሆናል፤ በቦታው ባዶ አዲስ መዝገብ ይከፈታል። የመጨረሻው ተራ ሲደርሰው ይጣላል። ልጆች የሚበዙበት ቤት የታላቅ ሹራብ ለታናሽ፣ የታናሽ ለትንሹ እየወረደ መጨረሻ ላይ የወለል መወልወያ እንደሚሆነው ነው።

አሮጌዎቹን ደግሞ ያምቃቸዋል። ጂዚፕ የሚባለው ማመቂያ ተመሳሳይ ነገር የሚደጋገምበትን ጽሑፍ ይወዳል፤ ሎግ ደግሞ ያው ቃል ሲመላለስበት የሚውል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛው ይወርዳል። የእኛ የፕሪንተር ልቅሶማ ከዚያም በታች ይሆን ነበር አለ ልጄ።

አንድ ነገር ግን ልብ አስባለኝ። መዝገቡ ስሙ ተለውጦ 1 ቢባልም፣ ያ የቤት ቁጥር ነገር እዚህም ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ካልተነገረው አሮጌው ላይ መጻፉን አያቆምም። ስለዚህ ከዞረ በኋላ «መዝገብህ ተለውጧል፣ አዲሱን ክፈት» የሚል መልእክት እንዲላክለት መታዘዝ አለበት። እንዲህ የማይነገራቸው ግትር ፕሮግራሞችም አሉ፤ ለእነሱ መዝገቡ ይገለበጥና ዋናው ባለበት ይጸዳል። በመገልበጥና በማጽዳት መካከል በምታልፈው ቅጽበት የተጻፈ መስመር ግን ሊጠፋ ይችላል። የክሊኒኩ ፕሮግራም መልእክት የሚሰማ ዓይነት በመሆኑ ልጄ የመጀመሪያውን መረጠ። 1 ቁጥሩንም ወዲያው እንዳያምቀው፣ አንድ ዙር እንዲያቆየው አዘዘው፤ ምናልባት የዘገየ ጸሐፊ ገና አልለቀቀው እንደሆነ ብሎ ነው። እኛም ድሮ የሌሊቷ ተረኛ ፈርማ ሳትወጣ መዝገቡን አንወስድባትም ነበር።

ጠቡ የመጣው ቁጥሩ ላይ ነው።

ፕሮግራሙ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ የሚመጣው ትእዛዝ «በየሳምንቱ አዙር፣ አራት አስቀር» የሚል ነው። ባለሙያው «አራት ሳምንት ይበቃል፤ ሁሉም ቤት እንደዚያ ነው» አለ። «ይበቃል ያለው ማን ነው?» አልኩት። ፈገግ አለ፤ የአሮጊት ጥያቄ መስሎት ነው። ታካሚዋ የተመረመረችው ቅሬታዋን ከማምጣቷ ሰባት ሳምንት በፊት ነበር። ቁጠሩት እንግዲህ። ሎግሮቴት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሥርዓት ሲሠራ ቢቆይ ኖሮ እንኳ፣ በዚያ «አራት» የተነሣ የልጅቷ መስመር በጊዜው ተራ ደርሷት ትጣል ነበር። ዲስኩ አይሞላም ነበር፤ ወረፋው አይቆምም ነበር፤ ልጅቷ ግን ያው ነበረች። አራት የሚለውን ያስቀመጡት ሰዎች አላጠፉም፤ የእኛን ክሊኒክ አያውቁትም። መወሰን የነበረብን እኛ ነበርን።

እዚህ ላይ የድሮ ቁስሌን ልንካ። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ ዕቃ ቤቱ በአሮጌ መዝገብ ተጣቦ አይጥ ይፈለፈልበት ነበር። አንድ አዲስ ኃላፊ መጣና «ቆሻሻ» ብሎ በኪሎ አስሸጠው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ከመንገድ ዳር ቆሎ ገዛሁ። መጠቅለያው የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው። የማዋለጃ መዝገብ ገጽ፦ የእናት ስም፣ የልጅ ጾታ፣ ክብደት፣ ቀንና ሰዓት። ቆሎውን እዚያው ደፍቼ ሻጯ ጋ የቀረውን ወረቀት ለመንኩ፤ 11 ገጽ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስንት እናት «ልጄ የተወለደበትን ቀን ከመዝገብ አውጡልኝ፣ ትምህርት ቤት ጠይቆኛል» እያለች መጥታ ባዶ እጇን እንደመለስናት አልቆጠርኩም። ያ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ቦታ ጠቦት ነበር።

የልጄ ባለቤት «ታዲያ ለምን ሁሉም ለዘላለም አይቀመጥም?» ብላ ጠየቀች። እሱም አይሆንም። በዚያ መዝገብ ውስጥ የሰው ስምና ምስጢር አለ፤ የማያስፈልግ ሆኖ የተቀመጠ መዝገብ አንድ ቀን የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል፤ የኮምፒውተሩም እንደዚያው። ከሁለት ምሽት ክርክር በኋላ እዚህ ደረስን። የፕሪንተሩና የመሳሰለው ጫጫታ ለብቻው ፋይል ተደርጎ አራቱ ብቻ ይቆያል፤ ከመጠን በላይ ካበጠም ሳምንቱን ሳይጠብቅ ይዞራል። ለዚህ ሲባል ሎግሮቴት በየሰዓቱ እንዲነሣ ተደርጓል፤ በቀን አንዴ ብቻ ከተነሣ በመሀል ስንት እንዳበጠ አያውቅምና። ማን የማንን ካርድ ከፈተ የሚለው ደግሞ በሌላ ፋይል፣ በየሳምንቱ ዞሮ 52 ይቆያል፤ አንድ ዓመት። አሮጌዎቹን ከፍተው ማየት የሚችሉት የእህቴ ልጅና ባለሙያው ብቻ ናቸው። በወር አንዴ ደግሞ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ፤ ያ ሳጥን ቢቃጠል 52ቱም አብረው ይቃጠላሉና። ልጄ ትእዛዙን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ወዲያው አላስጀመረውም፤ «የምታደርገውን ንገረኝ እንጂ አታድርግ» የሚባልበት መንገድ አለው፤ አስነግሮ፣ አንብቦ፣ አንድ ስህተት አርሞ ነው የለቀቀው።

ሱቅ፣ መድኃኒት ቤት፣ የሒሳብ ቢሮ የከፈተ ልጅ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ኮምፒውተሩን ራሳችሁ አትነካኩ። እሑድ ምሳ ላይ ግን ጠይቁት። ይህ ኮምፒውተር ስለ ራሱ የሚጽፈውን ማን ያነሣለታል? ስንት አሮጌ ይቀራል፣ ቁጥሩንስ ማን መረጠው? ሌላ ቦታ ቅጂ አለ? «ባለሙያው ያውቃል» ካላችሁ ባለሙያው ራሱ ምሳ ይጠራ። እኛ ዘንድ አንድ ሽሮ ብዙ ነገር አስተካክሏል።

ባለፈው እሑድ ልጄ ማኅደሩን ከእህቴ ልጅ ጋር ከፍቶ ቆጠራውን አሳየኝ። አንድ የሚጻፍበት፣ አንድ ገና ያልታመቀ፣ ስምንት የታመቁ። 52 ሊሞላ ገና ነው። የመጨረሻውን፣ ቁጥር 9ን፣ የእህቴ ልጅ ራሷ ከፈተችው። ማዞሩ የተጀመረው ያቺ ልጅ ከመልቀቋ አንድ ሳምንት በፊት ስለነበር የመጨረሻ ሳምንቷ እዚያ ውስጥ አለ። ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 ገባች። ካርድ ከፈተች፣ ዘጋች፤ ከፈተች፣ ዘጋች፤ ወረፋ ላይ ከነበረ ሰው ካርድ ውጭ አንድም አልነካችም። 11 ሰዓት ከ40 ወጣች። የእህቴ ልጅ ስክሪኑን ትንሽ ቆይታ አየችውና ስልኳን አንሥታ ወደ በረንዳ ወጣች።